ነጠላ መሸጥ ክልክል ነው

[ሞጣ፣ መናኸሪያው አጠገብ ያለች ትንሽ ሱቅ። ባለሱቁ ፋንታ ከባንኮኒው ጀርባ ስኳር ይመዝናል። የቀበሌው የጤና ኮሚቴ አባል ውበቴ ወረቀት ይዞ ደረጃው ላይ ቆሟል፤ ከቢቸናው ስልጠና የተመለሰው ትናንት ነው።]

ውበቴ፦ ለሦስተኛ ጊዜ ነው የምነግርህ። ነጠላ መሸጥ ክልክል ነው።

ፋንታ፦ እኔም ለሦስተኛ ጊዜ ነው የምመልስልህ። ነጠላ የምትሸጠው ወይንእሸት ናት፤ ሁለት ሱቅ አልፈህ ታገኛታለህ።

ውበቴ፦ የሚለበሰውን አይደለም የምልህ።

ፋንታ፦ ሌላ ምን ነጠላ አለ?

ውበቴ፦ ሲጋራ ነዋ። አንድ አንድ እየተፈታ የሚሸጠውን። የፈለገ ሙሉ ፓኮ ይግዛ።

ፋንታ፦ አንዱ ከጎዳ ሃያው እንዴት ይሻላል?

ውበቴ፦ ፖሊሲ ነው። ፓኮ ሲሆን ይወደዳል፤ ኪሱ ያልቻለ ይተዋል፣ ልጆችም አይጀምሩም። ሁለተኛ፣ ሃያ አንድ ዓመት ላልሞላው አይሸጥም።

ፋንታ፦ ሱቋ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ውበቴ፦ ገዢው ነው ሃያ አንድ የሚሞላው። መታወቂያ ትጠይቃለህ።

ፋንታ፦ ሽማግሌውን ጋሽ አካለ ወልድንም?

ውበቴ፦ እሳቸው ያጨሳሉ እንዴ?

ፋንታ፦ አያጨሱም። ግን አዲሱን መታወቂያ ካወጡ ወዲህ አሳዩኝ የሚላቸው ሰው አጥተዋል።

ውበቴ፦ [ወረቀቱን እያገላበጠ] ሦስተኛ፣ ቤት ውስጥና በር ላይ ማጨስ የለም። ከበሩ አሥር ሜትር መራቅ ነው።

ፋንታ፦ ከእኔ በር አሥር ሜትር ሲርቅ የይርጋነሽ ምግብ ቤት በር ላይ ይደርሳል።

ውበቴ፦ ከእሷም ይራቅ።

ፋንታ፦ እንዲህ እየራቀ ዓባይ ድልድይ ሊደርስ ነው።

ውበቴ፦ ይድረስ። ልብ በል ፋንታ፤ ጭሱ የደም ሥር ያጠባል፣ ልብ ያቆማል። አጠገቡ የተቀመጠውንም አይምርም።

ፋንታ፦ አጠገቡ የተቀመጠው ምን አደረገ?

ውበቴ፦ ምንም። ሕጉም ያሰበው ለእሱ ነው። [ግንባሩን እየጠረገ] ማስተማር ይደክማል። በል አንዲት አቀብለኝ።

ፋንታ፦ አንዲት ምን?

ውበቴ፦ ሲጋራ። አሥር ሜትር ርቄ ነው የማጨሳት።

ፋንታ፦ እኔ ጋ የለም። መሸጥ ከተውሁ ስምንት ወር ሆነኝ።

ውበቴ፦ [መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አይቶ] ታዲያ ይህን ሁሉ ስለፈልፍ ለምን አልነገርኸኝም?

ፋንታ፦ ትሸጣለህ ወይ ብለህ መች ጠየቅኸኝ።

ውበቴ፦ ምን አስተወህ? ሕጉን ሰምተህ ነው?

ፋንታ፦ ሕጉንማ ዛሬ ካንተ ሰማሁ። ወንድሜን አንዷለምን ታውቀው የለ? በየጠዋቱ እዚህ ቆሞ ሁለት ሁለት ያጨስ ነበር፣ እኔው እየሰጠሁት። ኅዳር ላይ አንድ ቀን ደረቱን ይዞ አሁን አንተ የቆምህበት ላይ ወደቀ። በባጃጅ አደረስነው፤ ልቡ ነው አሉን። ሐኪሞቹ አተረፉት፤ ግን ይህችን ደረጃ ሲወጣ አሁንም ሁለቴ ያርፋል። ከሆስፒታል ስመለስ የቀረውን ፓኮ ሁሉ ሽንት ቤት ጨመርሁት።

[ውበቴ ከቆመበት ፈቀቅ ይላል።]

ውበቴ፦ እኔንም አንዳንዴ... ዳገት ስወጣ ደረቴን ይይዘኛል።

ፋንታ፦ ለሐኪም ተናገርህ?

ውበቴ፦ የጤና ኮሚቴ ሆኜ ምን ብዬ?

ፋንታ፦ ደረቴን ያመኛል ብለህ። ነገ ጠዋት ሱቁን ዘግቼ አብሬህ እሄዳለሁ።

ውበቴ፦ [ከኪሱ ቅጽና እስክሪብቶ ያወጣል] እሺ። ሪፖርቱ ግን አይቀርልኝም። እዚህ «ምክር የተሰጠው ግለሰብ» ከሚለው ፊት ስምህን ጻፍልኝ።

[ፋንታ ቀስ ብሎ ይጽፋል። ውበቴ ተቀብሎ ያነባል።]

ውበቴ፦ የእኔን ስም ነው እኮ የጻፍኸው።

ፋንታ፦ አዎ። መፈረሙ ደግሞ ያንተ ነው።