የአጋዘን ቅርጫ፣ ባዶ እጁን ለመጣ ብቻ

መስጠት እንችልበታለን፤ በዚህ የሚከራከረኝ የለም። የማንችልበት መቀበል ነው። ሰው ቤት ባዶ እጅ መሄድ ነውር መሆኑን ማን እንዳስተማረን አናስታውስም፤ ብቻ የተዋስነውን መሰላል ልንመልስ ስንሄድ እንኳ በአንድ እጃችን መሰላሉን፣ በሌላው የብርቱካን ከረጢት ይዘን ነው የምንደርሰው። ምግብ የመጣበትን ሳህን ባዶውን መመለስማ ጨርሶ አይታሰብም። በእኔ ቤትና እንግልውድ በሚኖሩት በባለቤቴ የክርስትና እናት ቤት መካከል አንድ ሰማያዊ ክዳን ያለው ሳህን ይመላለሳል። አንዴ ቆሎ፣ አንዴ ድፎ ዳቦ፣ አንዴ ጎመን ይዞ ሲሄድና ሲመጣ ስንት ዓመቱ። መጀመሪያ የማን እንደነበር ዛሬ ሁለታችንም አናውቅም። መጠየቅም አይቻልም፤ የጠየቀው ወገን ሳህኑን ሊያስቀር ያሰበ ይመስልበታል።

እኔ ይህን ጠባያችንን እንደ ጨዋነት ስቆጥረው ኖሬያለሁ። ሕግ ሊያስጥስ እንደሚችል የነገረኝ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ነው። አንተን ከዱር እንስሳት ጋር ምን አገናኘህ ብትሉኝ፣ ያገናኙን ጋሽ ሙላቱ ናቸው።

ጋሽ ሙላቱ እዚህ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ፣ ከእኔ ቤት ሦስት መንገድ አለፍ ብለው የሚኖሩ የስድሳ ስድስት ዓመት ሰው ናቸው። ኤርፖርት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ያደጉት ባሌ ነው። በወጣትነታቸው ለአደን ከውጭ አገር የሚመጡ ሰዎችን ጓዝ ይሸከሙ ነበር። ፈረንጁ የፈቃዱን ከፍሎ ይተኩሳል፤ ቀንዱን ይዞ አገሩ ይገባል፤ ሥጋው ለመንደሩ ይቀራል። መንደሩም ያንን ሥጋ በየመደቡ ከፍሎ ዕጣ ይጥልበታል። ጋሽ ሙላቱ ሥጋ መክፈል የለመዱት እዚያ ነው። ስድስት መደብ ከፍለው ብትመዝኑት፣ ልዩነቱ የዝንብ ክንፍ አያህልም።

ይህ ሙያ አሜሪካ ሲገባ ሥራ ፈታ። ሥጋው ተመዝኖ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ዋጋው ተለጥፎበት ይጠብቅሃል፤ ዓይንህን የሚፈልገው የለም። ጋሽ ሙላቱ ሱፐርማርኬት ገብተው የተጠቀለለውን ሥጋ ሲያዩ ፊታቸው ላይ የሚታየውን ቅሬታ ባለቤታቸው እትዬ ተዋበች ስለሚያውቁት፣ ሥጋ ለመግዛት ብቻቸውን መሄድ ከጀመሩ ቆይተዋል። የጋሽ ሙላቱ ምኞት አንዲት ነበረች። እጃቸው ሳይደክም፣ ከጫካ የመጣ አንድ አውሬ፣ አንድ እውነተኛ ቅርጫ።

ኮሎራዶ ውስጥ ኤልክ የሚባል አውሬ አለ። እኛ አጋዘን ብለን ተገላግለናል። እሱን ለማደን መንግሥት ፈቃዱን በዕጣ ያድላል፤ ጋሽ ሙላቱ ለሚፈልጉት ቦታ ደግሞ ዕጣው ቶሎ የሚደርስ አይደለም። ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተቀምጠው የአደን ትምህርታቸውን ጨረሱ፤ ከዚያ በየጸደዩ እያመለከቱ አራት ዓመት ጠበቁ። ዘንድሮ ደውለው "ዕጣ ወጣልኝ" ሲሉኝ፣ እኔ ደግሞ ዲቪ የወጣለት ዘመድ መስሎኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ነገሩን ሲያስረዱኝ እልልታው እንደማያንስ ገባኝ።

በጥቅምት ሌክውድ የሚኖረው ወዳጃችን ጌታሁን በፒካፑ ይዟቸው ሄደ። ሕጉ ስለሚያዝ ከአንገት እስከ ወገባቸው ብርቱካናማ ለብሰው የተነሱትን ፎቶ ልከውልናል፤ መንገድ የሚጠግን ሠራተኛ ነበር የሚመስሉት። አንዲት ሴት አጋዘን መቱ። ነፍሷ ሳትወጣ ቢላ ይዘው ደርሰው፣ በስመ አብ ብለው ባረኩ። ጭንቅላቷ ለምርመራ መሄድ ነበረበት፤ እዚህ አገር አጋዘኖችን የሚያከሳ አንድ በሽታ ስላለ፣ ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋውን አትብሉ ተባለ። ጋሽ ሙላቱ ከዚያ ሲመለሱ ስቀው አልጠግብ አሉ። "ባሌ ፈረንጁ ቀንዱን ወስዶ ሥጋውን ይተውልን ነበር" አሉኝ። "እዚህ ፈረንጁ እኔ ሆኜ፣ መንግሥት ጭንቅላቱን ወስዶ ሥጋውን ተወልኝ።"

ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ መጣ። ሥጋው በሁለት ፍሪዘር ተከፍሎ ይጠብቃል፤ የነቢያት ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ቅርጫው ውስጥ ስድስት ቤተሰብ ነን። እንደ ወጉ አዋጥተን ልንካፈል ስንል፣ ግሪን ቫሊ ራንች የሚኖረው ሳምሶን ሐሳብ አመጣ። ሳምሶን በየወሩ አንድ ቢዝነስ የሚወለድለት ሰው ነው። የሐበሻ አጋዘን አቅራቢ ድርጅት እናቋቁም፤ ምግብ ቤቶቹ አጋዘን ጥብስ ብለው ሜኑ ላይ ያውጡት፤ እኛ እናቅርብ አለ። ጥሩ፣ መጀመሪያ ሕጉን እንጠይቅ ተባለና ስልኩ ለእኔ ተሰጠኝ። ሆስፒታል ቀጠሮ ክፍል ስለምሠራ፣ ስልክ ይዞ መጠበቅ ሙያዬ ነው።

የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ ትዕግሥተኛ ነበረች። አድነው ያገኙትን ሥጋ መሸጥም መለወጥም ክልክል ነው አለችኝ። ምግብ ቤት የምታየው በአጥር ውስጥ ያረቡት፣ መርማሪ አይቶ ማኅተም የመታበት ነው። መስጠት ግን ይቻላል፤ ሰጪው ለማን ምን ያህል እንደሰጠ ወረቀት ላይ ጽፎ ይፈርማል፤ በምላሹ ዋጋ ያለው ነገር አይቀበልም። ማዋጣትስ ስላት፣ ያ መሸጥ ነው አለች። ትንሽ አሰብኩና፣ ብርቱካንስ አልኳት።

"ብርቱካን?" አለች።

ሰው ቤት ባዶ እጅ ስለማይኬድ ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። ለሥጋው ምላሽ ከሆነ ብርቱካንም ያው ነው፣ አለች። አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ።

ልናገር ከተባለ፣ ሕጉን ወደድኩት። ድሮ እዚህ አገር የዱር ሥጋ ገበያ ይወጣ ነበር አሉ። ነጋዴው በሠረገላ እየጫነ ሲሸጥ አውሬው ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ሽያጩ ሲከለከል አውሬው ተመለሰ፤ ዛሬ ተራራው ላይ ስትነዳ መኪናህን አስቁሞ፣ የራሱ መንገድ ይመስል እየተንጎራደደ ይሻገራል። እኛ አንድ ነገር እንዳይጠፋ ስንፈልግ ዋጋ እናወጣለታለን፤ እነዚህ ደግሞ ዋጋውን አነሱለትና ተረፈ። ሳምሶን በበኩሉ አጥሩን፣ መሬቱንና መርማሪውን አሰላ፤ በማግሥቱ ስለ መኪና ማጠቢያ ማውራት ጀመረ።

የቀረው ችግር ቀላል መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ቅርጫ የእኩዮች ነገር ነው። ሁሉም አዋጥቷል፣ ሁሉም ዕጣውን ያነሳል፣ ማንም ማንንም አያመሰግንም፤ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። መዋጮው ሲነሳ ግን ጋሽ ሙላቱ ሰጪ፣ እኛ አምስት ጎልማሶች ተቀባይ ሆንን። የግሩፓችን ቻት ሲጨናነቅ ዋለ። አንዱ የመኪናቸውን ጎማ ልቀይርላቸው አለ፤ ሌላው ጤፍ፤ ሌላው ጋራዣቸውን ቀለም ልቀባ። እኔ እንደ ሕግ አዋቂ ሆኜ ይህ ሁሉ መሸጥ ነው ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ የመጣው መልእክት ስለ ጋራዡ ቀለም ነበር። አሜሪካ ስንት ዓይነት አንቀጽ ሲኖራት፣ ስለ ይሉኝታ አንድም አልጻፈችም።

ጋሽ ሙላቱ የፈሩት ግልጽ ነበር። ሽያጭ ነው ከተባለ ቅጣት አለ፤ ከቅጣቱ በላይ ፈቃዳቸው ሊሰረዝ ይችላል። ስድሳ ስድስት ላይ ያለ ሰው፣ ደግሞ አራት ዓመት ሊጠብቅ የተዘጋጀ ሰው፣ መጠበቁንም ሲቀሙት ምን ይቀረዋል? ስለዚህ ለእያንዳንዳችን ደውለው አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ። ባዶ እጃችሁን ኑ።

ቅዳሜ ጠዋት ደረስን። ማንም ባዶ እጁን አልመጣም። ጌታሁን ሁለት ካርቶን ዘይት ተሸክሟል። ሳምሶን ያልተቆላ ቡና በከረጢት ይዞ፣ ለእትዬ ተዋበች ነው፣ እሳቸው አዳኝ አይደሉም እያለ ይከራከራል። እኔም፣ ስልክ የደወልኩት ሰውዬ፣ ባለቤቴ ሂሩት እጄ ላይ የጫነችውን አንድ ትልቅ ብልቃጥ ሽሮ በጃኬቴ ሸፍኜ ቆሜያለሁ። ጋሽ ሙላቱ የጋራዡ በር ላይ ቆመው አንድ በአንድ አዩን። አልተቆጡም። ጣታቸውን ወደ መኪናዎቻችን ብቻ ጠቆሙ፤ አምስት ትልልቅ ሰዎች ያመጣነውን ይዘን ተመለስን፤ የኋላ ኮፈኑ ውስጥ ቆለፍንበት።

ያን ቀን እጅ ምን ያህል ከባድ ዕቃ እንደሆነ አወቅሁ። የት እንደምናደርገው ጠፍቶን፣ አንዱ ኪሱ ይከታል፣ አንዱ ወደ ኋላ ያጣምራል። ጋሽ ሙላቱ ግን ሌላ ሰው ሆነው ነበር። ንጹሕ ላስቲክ አንጥፈው፣ ሥጋውን ስድስት መደብ ላይ ሲያኖሩ፣ አንዲት ቁራጭ ከዚህ አንስተው እዚያ ሲያደርጉ፣ ራቅ ብለው አይተው ሲመልሷት፣ ደስ የሚል ጸጥታ ሆነ። ሻኛ የለ፣ ጮማ የለ፤ የሚያጣላ ነገር የሌለው ሥጋ ነው። ለዕጣው ሁላችንም የመኪናችንን ቁልፍ አወጣን። እትዬ ተዋበች ቁልፎቹን በነጠላቸው ውስጥ ደባልቀው፣ ፊታቸውን አዙረው፣ በየመደቡ ላይ ጣሏቸው። እያንዳንዱ ቁልፉን ፈልጎ ሥጋው አጠገብ ቆመ።

ወረቀቱ ሲፈረም ሳምሶን መታገስ አልቻለም።

"ጋሽ ሙላቱ፣ ዝም ብለን ነው የምንወስደው?" አለ። "ከበደን እኮ።"

ጋሽ ሙላቱ እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

"ለእኔ መንግሥት በዕጣ ሰጠኝ። ለእናንተም ዕጣው ሰጣችሁ። እኔ መሀል ላይ ቢላ የያዝኩ ሰው ነኝ። ማን ማንን ያመሰግናል?"

ትከሻችን ላይ የነበረ ነገር ሲወርድ ተሰማኝ፤ እኚህን ሰው ያን ጊዜ በጣም ወደድኳቸው። ሥጋችንን አንስተን፣ ዓመት በዓል እንደዋለ ሰው እየሳቅን ወጣን።

እኔ የሳቅኩት እስከ ቤቴ ነው። ሂሩት በአንድ እጄ ሥጋውን፣ በሌላው ሽሮዋን አየች። ሕጉን ዘረዘርኩላት፤ የዕጣውን ንግግር ሳይቀር ደገምኩላት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ "ብቻ ባዶ እጅህን ገብተህ ሥጋ ተሸክመህ ወጣህ" አለችና ወጥ ቤት ገባች። በማግሥቱ እሑድ፣ ቅበላ ነው፣ ከወትሮው ቀደም ብላ ብቻዋን ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ብልቃጡ ከነበረበት መደርደሪያ ላይ አለመኖሩን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሙላቱ ደወሉልኝ። ደጃቸው ላይ ዕቃ ተደርድሯል፤ ዘይት አለ፣ ቡና አለ፣ የጤፍ ዱቄት አለ፣ ብርቱካን አለ፣ ሽሮ በብልቃጥ አለ፤ ስም ግን የለበትም። የማን እንደሆነ ታውቃለህ ወይ አሉኝ። አላውቅም አልኩ። ሌሎቹንም አንድ በአንድ ጠይቀው ነበር፤ ለካ አምስታችንም በአንድ አፍ ክደናል። ጋሽ ሙላቱ ተቸገሩ። የማን እንደሆነ ካላወቁ መመለስ አይችሉም፤ ካስቀሩት ደግሞ ለሥጋው ዋጋ ተቀበሉ ሊባል ነው። በመጨረሻ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቁልፋችሁን ይዛችሁ ኑ አሉ።

ሄድን። ጋራዡ ውስጥ፣ ያው ላስቲክ ላይ፣ ዘይቱ፣ ቡናው፣ ዱቄቱ፣ ብርቱካኑ አምስት መደብ ተደርጓል። ለራሳቸው አልመደቡም። ብርቱካኖቹ እንኳ በትልቅነታቸው ተመጣጥነዋል። አንደኛው መደብ ላይ ብልቃጡ ስላለ ዱቄቱና ቡናው አነስ ብሏል፤ ቢመዘን ልክ እንደሚሆን አልጠራጠርም። ሁላችንም ዕቃውን አይተን የማናውቅ መስለን፣ ጌታሁንማ ይሄ ዘይት ጥሩ ዘይት ነው እያለ፣ ቁልፋችንን አስረከብን። እትዬ ተዋበች ፊታቸውን አዙረው ጣሉ። የእኔ ቁልፍ ያረፈው ብልቃጡ ላይ ነው።

ቤት ስገባ ሂሩት ብልቃጡን ተቀብላ ክዳኑን አየች፤ ጠረገችው። ጾም ስለሆነ ለምሳ ትሠራዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ ፍሪዘሩን ከፍታ ገናን ከሚጠብቀው አጋዘን ጎን አስቀመጠችው።

"ለከርሞው አጋዘን ይሆናል" አለች።

"የከርሞው ዕጣ ባይወጣላቸውስ?"

ፍሪዘሩን ዘጋችው።

"ይወጣላቸዋል" አለች። "ሽሮው ተዘጋጅቶ የለ?"