የመሠረትን ዕድል አውሮፓ ላይ ያስቆጠርን ለት

ይህን ነገር በመጻፌ አንባቢን፣ ጎረቤቶቼን፣ እንዲሁም የአውሮፓን ሕዝብ በሙሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አውሮፓን የጨመርኩት ለጨዋነት ብቻ አይደለም፤ በእርግጥም በድያቸዋለሁ። ከዳር እስከ ዳር ተማክረው፣ ምሁር አሰልፈው፣ ኮምፒውተር አስጨንቀው ያዘጋጁት ወረቀት እኔ እጅ ገብቶ ምን እንደደረሰበት ቢያውቁ፣ ሁለተኛ አፍሪካ የሚደርስ ነገር አይጽፉም ነበር። ዝም ልል አስቤም ነበር። ግን ዝም ማለት ለደም ግፊት አይሆንም ብሎኛል ሐኪሜ። ስለ ጤናዬ ስል እናገራለሁ።

የሰው ልጅ ነገን ማወቅ ይወዳል። ዛሬን በቅጡ ሳያውቅ። እናንተም ብትሆኑ ጠዋት በር ላይ ቆማችሁ፣ ሽቅብ ወደ እንጦጦ አንጋጣችሁ፣ ጃንጥላ ልያዝ ወይስ ልተወው የምትሉት ያው ትንበያ ነው። ስትይዙት ፀሐይ፣ ስትተዉት ዝናብ የሚሆነው የእናንተ ጥፋት እንዳይመስላችሁ፤ ደመናው ትንበያችሁን ስላላነበበ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ደግሞ የሠፈራችን ትልልቅ ሰዎች አንድ ትንበያ ነበራቸው፦ ታይፕ የቻለ ሰው ምን ጊዜም እንጀራ አያጣም። አባቴ አመኑ። እኔም አሥሩን ጣቶቼን አሠልጥኜ፣ ሳላይ መምታት ችዬ፣ በማዕረግ ተመረቅሁ። በዚያው ሰሞን ታይፕራይተሩ ሞተ። ዛሬ ጣቶቼ አሁንም ሳላይ ይመታሉ፤ የሚመቱት ግን ጠረጴዛ ነው፣ ስጨነቅ።

አውሮፓውያን በጃንጥላና በታይፕ አያበቁም። ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ምን ያህል ነርስ፣ ምን ያህል የቧንቧ ሠራተኛ እንደሚጎድላቸው፣ የትኛው ችሎታ እንደሚፈለግ፣ የትኛው ዲፕሎማ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንደሚቀር፣ በየአገሩ ለይተው ቁጭ ብለው ይተነብያሉ። ገና ላልተወለደ ሥራ ሰው ያዘጋጃሉ። እኛ የተወለደውን ሰው ሥራ ማስያዝ ቸግሮናል።

አሁን ተርጓሚ ነኝ። ሌላ ሰው አንድ ጊዜ ጽፎ የተገላገለውን እንደገና እጽፋለሁ። መስከረም እንደጠባ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቆየን፣ ይህንኑ የአውሮፓ ትንበያ ወደ አማርኛ መልስልን ብሎ ሰጠኝ። ለምን እንደፈለጉት አልጠየቅሁም፤ የጠየቀ ተርጓሚ ሥራ አያገኝም። ወረቀቱ ወፍራም ነው። በየገጹ ሠንጠረዥ አለ፤ በየሙያው ፊት ለፊት ቀስት ተስሏል። ወደ ላይ ያለ ቀስት፣ ይህ ሙያ ይፈለጋል ማለት ነው። ወደ ታች ያለ ቀስት ደግሞ እግዜር ያጽናችሁ ማለት ነው።

ጥፋቴ ፎቶ ኮፒ ማስነሳቴ ነው። ሽሮ ሜዳ ሐጂ ከድር ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ ለሸማኔዎች ክር ይሸጣሉ፤ በሱቃቸው ጥግ ደግሞ ገጽ በተገለበጠ ቁጥር የምታቃስት አንዲት አሮጌ ፎቶ ኮፒ ማሽን አለቻቸው። ቀስቶቹን አዩና “ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” አሉኝ። እኔ የዋህ ነኝ፤ “ወደፊት የትኛው ሥራ እንደሚያዋጣ የሚናገር የአውሮፓ ወረቀት ነው” አልኳቸው። በቃ። ከሱቁ እስከ ቤቴ ያለችውን የቁስቋም ዳገት ሦስት ጊዜ አርፌ ስወጣት፣ ወሬው አንድም ጊዜ ሳያርፍ ቀድሞኝ ገብቷል።

እትዬ ዘነበች በሬ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። እትዬ ዘነበች የሸማኔው የጋሽ ደምሴ ባለቤት ናቸው፤ ከአንድ የጭቃ ግድግዳ በቀር የሚለየን የለም። ቀኑን ሙሉ ጉሊት ላይ ቲማቲምና ቃሪያ ሲሸጡ ይውላሉ እንጂ በዚያ ሰዓት ቤት አይገኙም። ስለዚህ ነገሩ ከባድ መሆኑ ገባኝ።

“ስማ፣ ልጄን ቁጠርልኝ” አሉ።

“ምኗን ልቁጠር?”

“የክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም። የኔ ወለተ ጊዮርጊስ። ቁጠር።”

ኮከብ ቆጣሪ ዘንድ የሄደ ሰው የራሱንና የእናቱን ስም ይሰጣል፤ ቆጣሪው ፊደሉን ወደ ቁጥር መልሶ፣ ደምሮ ቀንሶ፣ ዕጣህ ይኸውልህ ይለዋል። እትዬ ዘነበች አውሮፓም በዚሁ የሚሠራ መስሏቸዋል።

“እትዬ፣ እርስዎ እንዲህ ያለ ነገር አይወዱም ብዬ ነበር እኮ።”

“እኔ? ቆጣሪ ቤት? የቁስቋሟ ትመስክር፣ ደጁን ረግጬ አላውቅም! ይሄ እኮ የአውሮፓ ነው።”

ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። ይህ በስም አይደለም፤ ያለፉትን ዓመታት ቁጥር ይሰበስባሉ፣ አካሄዱ እንዲሁ ከቀጠለ ብለው ያሰላሉ፣ ነገሩ ከተለወጠ ግን ትንበያውም ይለወጣል፣ በየጊዜውም እያደሱ ያወጡታል አልኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና “ታዲያ ቆጣሪውስ ከዚህ ሌላ ምን ይላል?” አሉ። መልሱን እስካሁን እየፈለግሁ ነው።

ጉዳዩ ግን ቀልድ አልነበረም። የመጨረሻ ልጃቸው መሠረት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች። እናቷ አካውንቲንግ ትማራለች ብለው ቆርጠዋል፤ የኮሌጁ ምዝገባ ሰኞ ያበቃል። መሠረት ደግሞ የምትፈልገው የአባቷ የሽመና ዕቃ ላይ መቀመጥ ነው። ይህ እናንተን አያስደነግጣችሁ ይሆናል። በኛ ሠፈር ግን ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። እግሯን ከሽመና ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ አስገብታ መወርወሪያ የምትወረውር ሴት ቢያይ የሠፈራችን ሰው አይቶ አያልፍም፤ ቆሞ፣ ሌላውንም ጠርቶ ነው የሚያየው። እትዬ ዘነበች ልጃቸው መሳቂያ እንዳትሆን ይፈራሉ። ከዚያ የባሰ የሚፈሩት ግን ሌላ ነው፦ ጋሽ ደምሴ ዕድሜ ልካቸውን ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው ያተረፉት፣ ደረጃ መውጣት የማይችል ጉልበት ነው። እዚህ ላይ እኔም አልቀልድም።

ትንበያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጋሽ ደምሴ ግቢ እንዲነበብ ተወሰነ። ማን እንደወሰነ አላውቅም፤ እኔ የተነገረኝ መነጽሬን እንዳልረሳ ብቻ ነው። ስደርስ አግዳሚው ሞልቷል። ሐጂ ከድር “ወረቀቱ መጀመሪያ የታየው እኔ ዘንድ ነው” ብለው ከፊት ተቀምጠዋል። ጋሽ ደምሴ ጉልበታቸውን በፎጣ ጠቅልለው ጥግ ይዘዋል። እትዬ ዘነበች ከቤተ ክርስቲያን እንደመጡ፣ ባለ ሰማያዊ ጥለት አዲስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ናቸው። መሠረት በሩን ተደግፋ ቆማለች። እኔ ደግሞ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ጉሮሮዬን ስጠርግ ሁሉም ጸጥ ሲል ደስ አለኝ። ሃያ ዓመት ስተረጉም እንዲህ ተከብሬ አላውቅም።

“አካውንቲንጉን አውጣው” አሉ እትዬ ዘነበች።

ገለጥኩ። የሒሳብ ጸሐፊና መሰል የቢሮ ሥራዎች። ቀስቱ ወደ ታች። ማሽን ይወስደዋል ይላል።

“አያያዝህ ነው። ገልብጠው!”

ገለበጥኩት። ቀስቱ ወደ ላይ ሆነ። አውሮፓ በሙሉ ግን ተዘቀዘቀ።

“ሽመናውስ፣ ጋሼ?” አለች መሠረት ከበሩ ላይ።

የእጅ ሥራ የሚለውን ፈለግሁ። ወደ ታች። እትዬ ዘነበች እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው፤ ይኸው፣ ዓለም ያወቀው ነገር ነው፣ የሚል ዓይናቸውን በየሰዉ ላይ አዞሩ።

“ቆይ፣ ያም ወደ ታች፣ ይሄም ወደ ታች” አሉ ሐጂ ከድር፣ “ወደ ላይ ያለው የቱ ነው?”

“አረጋውያንን መንከባከብ ነው፣ ሐጂ። ማጠብ፣ ማብላት፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ ማጫወት።”

“ለዚህ ትምህርት ቤት ይገባል?”

“ይገባል። የምስክር ወረቀትም ይሰጣል።”

“እንዴ!” ብለው እትዬ ዘነበች ተነሡ። “የዚህን ሰውዬ እናት አሥራ አንድ ዓመት አልጋ ላይ አገላብጬ ጦሬያለሁ። የኔ ምስክር ወረቀት የታለ?”

ጋሽ ደምሴ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ገጹን ገልጬ አየሁ፤ ሰው በኑሮ የተማረውን ችሎታ የሚመዘግብ መላ ይፈለግ የሚል አንድ አንቀጽ አለ። ይፈለግ ነው የሚለው። እነሱም ገና እየፈለጉ ነው።

በዚህ መሐል መሠረት “ጋሼ፣ ካርታ አለው?” አለች።

“አለው።”

“እኛ አለንበት?”

ካርታውን አወጣሁ። ከላይ ከበረዶው ይጀምራል፣ እየወረደ፣ እየወረደ ይመጣና ባሕሩ ላይ ያበቃል። “የለንም” አልኩ።

“እንግዲያው እኛን ሳያይ ነዋ የተናገረው።”

“አንቺ! ትልቅ ሰው ሲያነብ አፍሽን አትክፈቺ!” አሉ እናቷ።

ጋሽ ደምሴ ያን ጊዜ ነው ጉሮሯቸውን የጠረጉት። ጋሽ ደምሴ በዓመት ውስጥ የሚናገሩት ቃል አንድ ገጽ አይሞላም፤ ስለዚህ ሁላችንም ዞርን።

“እዚህ ግቢ ውስጥም ሳይታይ የቀረ ነገር አለ” አሉ። “እኔ ከፋሲካ ወዲህ ዕቃው ላይ የተቀመጥኩት ሁለት ቀን ነው። ጉልበቴ እምቢ አለ።”

“ሁለት ቀን?” አሉ እትዬ ዘነበች። “ለእንቁጣጣሽ የተሸጠው ሁሉስ? ያን ሁሉ ነጠላ ማን ሠራው?”

መሠረት የእግሯን ጣቶች ትመረምር ጀመር። ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ጉድጓድ ውስጥ፤ እናት ከጉሊት ሳይመለሱ ደግሞ ወጥታ፣ እጇን ታጥባ፣ ደብተር ዘርግታ ትቆይ ኖሯል። ሐጂ ከድርን ድንገት ሳል ያዛቸው።

“ሐጂ! እርስዎም ያውቁ ኖሯል?”

“እኔ ምን አውቃለሁ፣ ክር ነው የምሸጠው። ብቻ...” አሉ ሐጂ፣ “ደምሴ ሃያ ዓመት ሙሉ ከአረንጓዴ ሌላ ወስዶ አያውቅም። ከፋሲካ ወዲህ ሰማያዊ ጀመረ፣ ወይን ጠጅ ጀመረ። ሰው በዚህ ዕድሜው አዲስ ቀለም አያምረውም ብዬ ጠርጥሬያለሁ።”

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ልብ በሉ፣ “የደምሴ እጅ እንደ ጉብዝናው ተመለሰለት” እያሉ ለማኅበርተኞቻቸው ሁሉ ሲያሳዩት የከረሙት ነጠላ ነው። ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ገለበጡት፤ የሸማኔ ሚስት ጨርቅ የምትመረምረው በጀርባው ነው። ጣታቸው በጥለቱ ላይ ቀስ እያለ ሄደ። እኔ እንኳ አውሮፓን ረሳሁ።

“ይኸው!” አሉ በድል አድራጊነት። “እዚህ ጋ ክር ዘሏል! ብያለሁ!”

መሠረት ጎንበስ ብላ አየችው።

“እማዬ፣ እሱ... አባባ የሠራው ነው።”

የሳቃችንን ነገር አትጠይቁኝ። ጋሽ ደምሴ ራሳቸው ጉልበታቸውን ደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሐጂ አግዳሚውን በመዳፋቸው ደበደቡት። እትዬ ዘነበች ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ነክሰው፣ ነጠላውን ፊታቸው ላይ ደፉት፤ ትከሻቸው ግን ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም አየን። ሲገልጡት ፊታቸው እርጥብ ነበር። ከሳቁ ነው፣ ከሌላም ይሆናል፤ አልተረጎምኩትም።

“ትሸምን” አሉ በመጨረሻ። “ግን ይሄ ጉድጓድ ነገ ይደፈናል። ዕቃው ከፍ ይበል፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ትሥራ። እኔ በዚህ ቤት ሁለተኛ ጉልበት አላሽም!”

ሰኞ ዕለት፣ ምዝገባው በሚያበቃበት ሰዓት፣ የግቢው ምስማር ድምፅ እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። አናጢው ዕቃውን ከፍ እያደረገ ነው። ሊያዩ የመጡ ሰዎች በአጥሩ ላይ ተንጠልጥለዋል፤ እንደተፈራው ቆመው፣ ሌላውንም ጠርተው አዩ። እትዬ ዘነበች አላባረሯቸውም። ነጠላ እያሳዩ ከሁለቱ ትእዛዝ ተቀበሉ።

እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ተርጓሚ ታማኝ መሆን አለበት፤ የእጅ ሥራው ቀስት ወደ ታች ነበር፣ ወደ ታች አድርጌ መለስኩት። ከገጹ ግርጌ ብቻ፣ ዓይን በማይገባ ፊደል፣ “ይህ ከቁስቋም በታች የሚገኝን አንድ ግቢ አይመለከትም” የምትል መስመር ጨመርኩ። መሥሪያ ቤቱ ተቀብሎ አሳተመው። ከሳምንታት በኋላ አንድ ኃላፊ ደወሉልኝ። ተያዝኩ ብዬ ተነሥቼ ቆምኩ። እሳቸው ግን ሥራዬን አመሰገኑ፤ ከሁሉ በላይ የደነቃቸው፣ አውሮፓውያኑ እዚህ ድረስ ወርደው ግቢ ለግቢ ማጥናታቸው መሆኑን ነገሩኝ።

“አዎ፣ ጌታዬ፣ ጠንቃቆች ናቸው” አልኩ።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ይህን ለማንም እንዳትነግሩ። ሰውየው በጣም ደስ ብሏቸዋል።