በሙዚየም ግድግዳ ላይ የሞቱት ጋሽ ያሲን

በሕይወት ያሉ ሽማግሌ ገድዬ አውቃለሁ። አትደንግጡ፣ በእስክሪብቶ ነው። ለቅሶው ግን እውነተኛ ነበር።

መቼም እኛ ዘንድ ሙዚየም የሚከፈተው ለጎብኚ ሳይሆን ለመራቂ ነው። ሪባኑ ይቆረጣል፣ ቆሎው ይበላል፣ ፎቶው ይነሳል፣ ከዚያ ቁልፉን የያዘው ሰው ለሥልጠና ይሄዳል። አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ መናፈሻው ውስጥ ያለው ሙዚየማችንም ከዚህ አልተለየም። አንድ ክፍል ናት። የሐዲድ ብሎን፣ የባቡር ፋኖስ፣ ጥቂት የወተት ዕቃ። ለምሳ የሚቆሙ የአውቶቡስ መንገደኞች አልፎ አልፎ ብቅ ይሉና በታላቅ ትሕትና ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ይጠይቁናል።

ምረቃው ሲቃረብ ከእኛ ርቀው አዳይቱ የሚኖሩት ጋሽ ያሲን ጊሌያቸውን፣ ያንን ቆልማማ የአፋር ጩቤ፣ አዋሱን። ከሥሩ የሚለጠፈውን መግለጫ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። አለቃዬ አነበበውና ቅር አለው።

«ባለቤቱ በሕይወት ካሉ ምኑን ቅርስ ሆነ?»

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባል የለ? ከስማቸው ፊት «ሟች» የምትል ቃል ጨመርኩ። ጊሌው ወዲያው መቶ ዓመት አረጀ።

ያላሰብኩት ሁመድን ነው። ሁመድ የመናፈሻው ጥበቃ ነው። አማርኛ ማንበብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ያውም በሥራ ሰዓት፤ ጎብኚ ከሌለ ምን ይሠራል? አነበበ፣ አዘነ፣ ላገኘው ለመጀመሪያው የአገሩ ሰው ነገረ። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ያየውን፣ የሰማውን፣ ከማን እንደሰማው ጭምር። በዳጉ የዋሸ ሰው ከዚያ በኋላ ሰላምታ እንጂ ጆሮ አያገኝም። እኛ ቢሮ ደብዳቤ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ለመሻገር ሳምንት ይፈጅበታል። የጋሽ ያሲን ሞት ግን አውቶቡሱ ምሳውን ጨርሶ ሳይነሳ አዳይቱ ገብቷል።

ጋሽ ያሲን ከብቶቻቸው ዘንድ ሰንብተው ሲመለሱ ደጃቸው በሰው ተሞልቶ አገኙት አሉ። «ኢናሊላሂ» ብለው ዳር ተቀመጡ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ከዚያ ማን እንደሞተ ጠየቁ። ይህን የሰማሁት በዳጉ ሳይሆን በሆቴል ወሬ ስለሆነ ግማሹን ቀንሱለት።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ጋሽ ያሲንን ይዘው ሊያጣሩ መጡ። ሙዚየሙ ከተመረቀ ወዲህ ዕቃ ለማየት የመጡ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እነሱ ናቸው። እኔ ግን አስቀድሞ ተደውሎልኝ ወረቀቱን ቀይሬዋለሁ። ሁመድ በልበ ሙሉነት ወደ ግድግዳው ጠቆመ። አንደኛው ሽማግሌ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ ጊሌውን በውሰት የሰጡት የአዳይቱ ነዋሪ አቶ ያሲን ናቸው ይላል። ሞት የሚባል ነገር የለበትም። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ሁመድ ሲያነብ ተሳስቶ ይሆናል» አልኩ፤ «ገና ለማጅ ነው።»

ሁመድ አየኝ። «እህቴ፣ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለኝ።

ጋሽ ያሲን ሞታቸውን በሳቅ አለፉት፤ ጊሌያቸውን ታጥቀው ሄዱ። እኛም በሪፖርታችን ሙዚየሙ በአገር ሽማግሌዎች መጎብኘቱን ጻፍን። የሁመድ ግን እንዲህ አላለፈም። ሰዎች በሩ ላይ ያገኙታል፣ እጅ ለእጅ ተሳስመው ሰላም ይሉታል፣ ዳጉ ሳይጠይቁት ያልፋሉ። እሱ ሲጀምርላቸውም መንገድ ትዝ ይላቸዋል።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔው ሰመራ ከተዛወርኩ በኋላ እንኳ እየከበደኝ ሄደ። አርባን አልፌ ለእውነት ለማጅ መሆኔ ያሳፍራል። ባለፈው ወር አዋሽ ተመልሼ ሁመድን ይቅርታ ጠየቅኩት። አልተቆጣም።

«እኔማ እውነቱን አውቃለሁ» አለኝ። «ለሰሙት ንገሪ።»

ይኸው እየነገርኩ ነው። ሁመድ ያነበበው የተጻፈውን ነው። የጻፍኩትም፣ የቀየርኩትም፣ የካድኩትም እኔ ነኝ። በአዋሽ ወይም በአዳይቱ የምታልፉ ካላችሁ፣ ከማን እንደሰማችሁ ጨምራችሁ ንገሩልኝ። እኔንም ይቅር በሉኝ።