እሺ ሳይሉን አንቀመጥም

የአገሬ ሰው ለመድረስ ይሄዳል እንጂ ለመሄድ አይሄድም። ገበያ ካለ ገበያ፣ ለቅሶ ካለ ለቅሶ፣ የጠፋ በሬ ካለ በሬው እስኪገኝ። እንግሊዝ ግን ጉድ ነው! መኪናውን ነድቶ ተራራ ሥር ያቆምና፣ ተራራውን ዞሮ ዞሮ፣ ላቡን አንጠፍጥፎ፣ ተመልሶ እዚያችው መኪና ጋ ይመጣል። ምን ይዘህ መጣህ ቢሉት «እይታው እንዴት ያምራል!» ነው መልሱ። በእኛ መንደር እንዲህ ያደረገ ሰው በማግስቱ ጠበል ይወሰዳል።

ይኸ በሽታ አበሻን አይዝም ብዬ ስምል ኖሬ አቶ ወርቁን አወቅኋቸው።

አቶ ወርቁ የምሥራቅ አባት ናቸው። ምሥራቅ ደግሞ ወዳጄን ታደሰን እንቅልፍ የነሳችው ልጅ። ታደሰ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ እሷን እያሰበ ስትሪትሃም የሚወርደውን ሕዝብ በሌላኛው የከተማ ጫፍ ካሌዶኒያን ሮድ ይዞት ሊሄድ ምንም አልቀረው። ልጅቱም «አባቴ እሺ ካላለ አላገባህም፣ ሽማግሌ ላክ» ብላ ቁርጡን ነገረችው። ላከ። ጋሽ ደምሴ ለሽበታቸው፣ እኔ ለምላሴ ተመረጥን።

አቶ ወርቁ ጡረታ ወጥተው ባሕር ጠረፍ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ነው የሚኖሩት። ስንደውልላቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሬ ስለምሄድ እየተራመድን እናወራለን፣ መንገዱን ግን እናንተው ምረጡ ብለው በዋትሳፕ ፎቶ ላኩልን። አንደኛው በአሸዋው ዳር ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ሁለተኛው ጫካ ለጫካ ይሄዳል። ሦስተኛው እንደ ኖራ የነጣ ገደል አናት ላይ ነው። ከሥሩ ብዙ ተጽፎበታል፤ እኔና ፊደል ግን የምንተዋወቀው በሰላምታ ብቻ ነው። ሥዕሉን አየሁ። ገደሉ ላይ በግ ይግጣል። በግ የወጣውን እኔ ላልወጣው ነው? ዝንጀሮ መንገድ ይለቅልኝ የነበረ ሰው!

«ገደሉን!» አልኩ።

ጋሽ ደምሴ «አንተ፣ ጉልበቴን አስብ እንጂ» ቢሉኝ፣ «ጋሼ፣ ሜዳ ከመረጥንማ የሙሽራው ወገን ልፍስፍስ ነው ይሉናል» ብዬ አፋቸውን አስያዝኳቸው።

ቅዳሜ ሱፍ ለብሰን፣ ነጠላ ደርበን፣ ጫማችንን መስታወት አስመስለን ከባቡር ወረድን። አቶ ወርቁ ወፍራም ቡት አድርገው፣ በሁለት እጃቸው ሁለት ዘንግ ይዘው ጠበቁን። ከላይ እስከ ታች አዩንና፣ ለልመናው ነው ወይስ ለሠርጉ የመጣችሁት ብለው መንገድ ጀመሩ።

መንገድስ እሱን! ነፋሱ የጋሽ ደምሴን ነጠላ እንደ መርከብ ሸራ ነፍቶ እሳቸውን ፈረንሳይ ሊያደርሳቸው ሲል ጫፉን ይዤ አስቀረኋቸው። በጎቹ መጋጣቸውን ትተው ያዩናል። አንደኛው እንደሳቀብኝ እምላለሁ።

ጥቂት እንደወጣን አግዳሚ ወንበር አገኘን። አቶ ወርቁ «አረፍ በሉ እንጂ» አሉን። መቼም ሽማግሌ የመጣበትን እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ ታውቃላችሁ፤ ሶፋው እያማረው ቆሞ ነው የሚለምን። ቁጭ ካለማ ማን ያዝንለታል? ጋሽ ደምሴ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «ልጅዎን ለልጃችን ይፍቀዱልን። እሺ ሳይሉን አንቀመጥም!» አሉ።

አቶ ወርቁም «ጎሽ! ባህል የሚያውቅ ሰው ደስ ይላል። እንግዲያው እንቀጥላ» ብለው ዘንጋቸውን እየተከሉ ነጎዱ።

እንግሊዝም አይረባ፣ በየዳገቱ ወንበር ይተክላል። በየወንበሩ «አረፍ በሉ» እንባላለን፤ በየወንበሩ «እሺ ሳይሉን አንቀመጥም» እንላለን። መጀመሪያ ድምፃችን ያስገመግም ነበር። ኋላ ጋሽ ደምሴ «እሺ ሳይሉን» ብለው «አንቀመጥም»ን ለእኔ ይተዉልኝ ጀመር። ከዚያ እኔም ራሴን ብቻ እወዘውዛለሁ።

«በግ አየሁ ብለህ ነው አይደል?» አሉኝ ጋሽ ደምሴ በጆሮዬ። «ከወረድን አርድሃለሁ።»

አናቱ ላይ ስንደርስ ጉልበቴ ሳያማክረኝ ታጠፈ። ዘጭ! ያውም ወንበሩን ስቼ፣ በጎቹ ጣል ጣል ያደረጉት ላይ። ጋሽ ደምሴ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ በቃ፣ ታደሰ በእኔ መቀመጫ ምክንያት ወንደላጤ ሆኖ ቀረ። «ወድቄ ነው እንጂ አልተቀመጥኩም!» ብዬ በታቦት ማልኩ።

አቶ ወርቁ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ተነሥ አንተ» አሉኝ። «እኔማ ልጄ የነገረችኝ ዕለት ነው እሺ ያልኩት። ግን ታች እሺ ብያችሁ ቢሆን ኖሮ እዚያው ቁጭ ትሉ ነበር። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እዚህ አናት ላይ የማወራው ከነፋሱ ጋር ነው።»

ጋሽ ደምሴ «እሺ» የምትለዋን ቃል እንደሰሙ፣ ምርቃቱን በጅምር ትተው ወንበሩ ላይ ተዘረጉ። አቶ ወርቁ ግን ገና አልጨረሱም። ለሽማግሌ በአንድ ምልልስ እሺ ማለት ነውር ነው፤ ለወጉ ያህል በሚመጣው ቅዳሜ ጫካውን፣ በሌላው አሸዋውን እንሄዳለን አሉ። ከዚያ በኋላ ሌላ ፎቶ እንደሚልኩልን ቃል ገቡ።

ባቡር ላይ ሳለን ታደሰ ደወለ። እሺ መባሉን ስነግረው ጆሮዬ እስኪደነቁር እልል አለና፣ በል አሁን ለጥሎሽ ምን ልግዛ ብሎ ጠየቀኝ።

«ምንም አትግዛ» አልኩት፣ ከጫማ አልወጣ ያለ እግሬን እየታገልኩ። «ጥሎሹ እኛ ነን።»