ብሩኬ ዘኮልፌ ለእትዬ ዋጋነሽ አፍንጫ ሌንስ የመረጠበት ታሪክ

በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ጥቅምት፣ ብሩኬ ዘኮልፌ ካሜራ በጨበጠ በመጀመሪያው ዓመት፣ ውኃ ወደ ሰፈሩ በመጣችበት በተባረከው ሳምንት፣ ጀሪካን ሁሉ ሞልቶ የሰውም ልብ በረካ ጊዜ የሆነውን እንጽፋለን። ስምዑ ወለብዉ፤ ስሙ፣ ልብም በሉ፤ ነገሩ የአፍንጫ ነውና ቀላል አይምሰላችሁ።

የዚህ ዘመቻ ምክንያት እትዬ ዋጋነሽ ናቸው። እሳቸውም ከበደሌ መጥተው ኮልፌ የከተሙ፣ በቅመም ንግድ የታፈሩ፣ እናቱ ስታርፍ ብሩኬን እንደ ልጃቸው ያሳደጉ፣ የብሩኬ አክስት፣ እመቤተ በርበሬ ወኮረሪማ ነበሩ። እሳቸውም አንድ ነገር ብቻ ጎደላቸው፤ ድንኳን ተጥሎ እድርተኛው ሲሰበሰብ አልቃሽ ፊት የሚያዝ የለቅሶ ፎቶ። ብሩኬም ከካሜራው ጋር በመጣው ሰፊ ሌንስ ሊያነሳቸው ተነሥቶ፣ ፊታቸው እንዲሞላለት ትንፋሻቸው እስኪሰማው ተጠግቶ፣ ተጠግተው በሰፊ ሌንስ ሲያነሱ ከሁሉ የቀረበው እንደሚገንን ገና ሳያውቅ አነሳቸው። አፍንጫቸውም እንደ አጋፋሪ ቀድሞ ወጣ፣ ጆሮዎቻቸውም ወደ ኋላ ሸሹ። እትዬ ዋጋነሽ ይህን አይተው በረንዳ ላይ ቆመው አዋጅ አስነገሩ፤

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ይሄን ፎቶ ይዞ ለቅሶዬ ላይ የሚቆም ካለ፣ ከሳጥኔ ተነስቼ ነው የምቀማው! ሰው ሊያለቅስልኝ መጥቶ አፍንጫዬን አይቶ ይሳቅ? አንተ ብሩኬ፣ ወይ እኔን የምመስልበትን አንሳኝ፣ ወይ ያለ ፎቶ ቅበሩኝ!»

ብሩኬም ሁለት ጊዜ አዘነ፤ አንድም ስለ አፍንጫው፣ አንድም ስለ ለቅሶው። የእሳቸውን ለቅሶ ማሰብ ሆዱን ያባባዋል፤ ከእሳቸው ሌላ እናት አያውቅምና። ቢሆንም ፊታቸው በማንም እጅ ሳይቀር እንዲሄዱ አልፈቀደም፤ እንግዲህ ሌላ ሌንስ ይገዛ ዘንድ ቆረጠ።

ወእምዝ ተነሥአ፤ ከዚያም ተነሣ። የተከተሉትም ሠራዊት እነዚህ ናቸው፦ የአክስቱ ልጅ ሌሊሴ፣ ፀዋሪተ አንሶላ፣ ብርሃንን በነጭ አንሶላ ወደ ፊት የምትመልስ፤ የእትዬ ዋጋነሽ ወንድም አቶ ጉዲሳ፣ ሊቀ በያጅ፣ በእጃቸው ሳይመዝኑ ምንም የማይገዙ። ሠራዊቱም ሦስት ሰው በሚይዝ የሚኒባስ ወንበር ከአንድ መንገደኛ ጋር ለአራት ተጣቦ፣ አየር ጤና ወርዶ ሌላ ታክሲ ተጋፍቶ፣ ቤቴል ደረሰ። በዚያም ያገለገሉ ሌንሶች የምትሸጠው ሶፊ፣ ዐቃቢተ ሌንስ፣ የአክስቱን የአፍንጫ ነገር ሰምታ ሁለት አወጣችለት፤ ታላቁን፣ ክንድ የሚያህለውን፣ ሩቁን ጎትቶ የሚያመጣውን፣ ሁለት መቶ ሚሊሜትር የሚሉትን፤ ታናሹንም፣ የስኳር ጣሳ የሚያህለውን፣ ሰማንያ አምስት የሚሉትን። ከባንኮኒዋም ሆና እንዲህ አወጀች፤

«ሁለቱንም ወስደህ ሞክራቸው፤ ሱቅ ሳልዘጋ አንዱን ትመልሳለህ፣ አንዱ በዋጋው ያንተ ነው። መታወቂያህ እኔ ጋ ይቀመጣል። ደግሞ እወቅ፣ ሌንስ የሚመረጠው በሴትዮዋ ፊትና በቤታችሁ ስፋት ነው!»

ብሩኬም ስለ ፊት የተባለውን ያዘ፤ ስለ ቤት የተባለው በአንዱ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ። መታወቂያውን በምርኮ ትቶ ወጥቶ ታክሲ ሲሳፈሩ፣ አቶ ጉዲሳ ሁለቱን ሌንሶች በሁለት እጃቸው መዝነው በታክሲው ተሳፋሪ ሁሉ ፊት አወጁ፤

«ሌንስ እንደ መዶሻ ነው፤ ሥራ የሚሠራው የከበደው ነው! እህቴ ትንሽ ሰው አይደለችም፣ በትንሽ ሌንስ አትነሳም!»

ጀማሪም ነበርና፣ የሽማግሌም ቃል ነበርና፣ ብሩኬ በታላቁ ጀመረ። እትዬ ዋጋነሽ የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው፣ የመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ትንፋሻቸውን ውጠው ሳሎን ተቀመጡ። ብሩኬ በሌንሱ ቢያይ ቅንድብ ብቻ አየ። ወንበሩን ወደ ደጃፍ አስወጥቶ ወደ ኋላ ሄደ፣ ግቢውን አለፈ፣ ከአጥር በር ወጣ፣ አስፋልቱንም ተሻገረ፤ ያን ጊዜ ፊትና ትከሻ ገባለት። ነገር ግን አገጫቸውን ቀና እንዲያደርጉ ከማዶ ሆኖ ቢያውጅ፣ ፌርማታው ላይ የቆመው ሕዝብ ሁሉ አገጩን ቀና አደረገ፣ እሳቸው ብቻ አልሰሙም። ብሩኬም ባነሳ ጊዜ ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር የሚሄድ ታክሲ በመካከል አለፈ፤ በፎቶውም ላይ በመስኮት ወጥቶ የሚጣራ የረዳት ብብት ተገኘ። ታላቁ ሌንስ እንዲህ ድል ተመታ። አቶ ጉዲሳም ጥፋቱ የታክሲው ነው ብለው እስከ ዛሬ ይሟገታሉ።

ፀሐይም ማዘንበል ጀመረች፣ ሶፊም የምትዘጋበት ሰዓት ቀረበ። ወካዕበ፣ ዳግመኛም፣ ታናሹን ገጥሞ በሳሎኑ ቢሞክር ጀርባው ቡፌውን መታ፣ ብርጭቆዎችም እንደ ጸናጽል ጮኹ፤ የእትዬ ዋጋነሽ ግንባርና አገጭ ግን አሁንም ከውጭ ቀሩ። የሶፊ አዋጅ ያን ጊዜ ትዝ አለው። ወንበሩን መልሶ ደጃፍ ላይ አኖረ፣ ሌሊሴም አንሶላዋን ዘረጋች፣ እሱም ዓይኑን ከካሜራው ሳይነቅል ጠባቡን ግቢ ወደ ኋላ ሲለካ ግቢውን ከሚጋራው ከኢብራር በር ደረሰ። ጥቂት እርምጃ ብቻ ቀረው። ጎረቤቱ ኢብራር፣ ኄረ ልብ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ አወጀ፤

«ግባ፣ ቤቴ ቤትህ ነው! ከፈለግህ እስከ ጓዳ ድረስ ሂድ! ጫማህን ግን አውልቅ፣ ምንጣፉ ትናንት ነው የታጠበው!»

ብሩኬም የቤቱን ሥርዓት አከበረ። ካሜራውን ከዓይኑ ሳያወርድ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ አንዱን ጫማ ፈነቀለ፣ እየተንገዳገደ ሁለተኛውንም ጣለ፤ እነሆም የግራ ካልሲው ተቀዶ ኖሮ አውራ ጣቱ ብቻዋን ወጥታ በሕዝብ ፊት ቆመች። እትዬ ዋጋነሽ ከግቢው ማዶ ይህን አዩ። የዋጡት ትንፋሽ አመለጣቸው። ሳቃቸው ከሆዳቸው ተነሥቶ፣ ትከሻቸውን ነቅንቆ፣ ዓይናቸውን በእንባ ሞላው፤ የመታወቂያ አቀማመጡንም፣ ለቅሶውንም፣ ድንኳኑንም ረሱ። በዚያች ቅጽበት፣ በአንድ እግሩ እንደቆመ፣ ብሩኬ አነሳቸው።

ሠራዊቱም በካሜራው መስኮት ላይ ተደፋ። አፍንጫ በቦታው ነበረ፤ ጆሮዎችም ከስደት ተመልሰው ነበር፤ ከኋላቸው ያለው ቤት ደብዝዞ ፊታቸው ብቻ ጠርቶ ወጥቶ ነበር። እትዬ ዋጋነሽም ካሜራውን ከእጁ ወስደው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ከዚያም የመጨረሻው አዋጅ ወጣ፤

«ስሙ! ይሄ ለለቅሶ አይሆንም! እንዲህ እየሳቅሁ ማን ያለቅስልኛል? ይሄ ሳሎን ነው የሚሰቀል፣ ከቡፌው በላይ፣ የገባ ሁሉ እንዲያየኝ! ይቺ ሴትዮ ገና ብዙ ሥራ አለባት። የለቅሶውን ሌላ ጊዜ ታነሳኛለህ ልጄ፤ አትቸኩል!»

ብሩኬም ከምስጋናው ሁሉ ይልቅ ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ወደዳት፤ ፊቱን ወደ ኢብራር ግድግዳ አዙሮ ዓይኑን ጠረገ፣ አቧራ ነው አለ። ያን ምሽት ታላቁ ሌንስ ወደ ቤቴል ተመለሰ፣ መታወቂያውም ከምርኮ ወጣ፣ ሰማንያ አምስቱም በኮልፌ ነገሠ።

ሰላም ለዓይኑ፣ ለመቅረብ ሲል የራቀች! ሰላም ለጀርባው፣ ቡፌ የመታ! ሰላም ለካልሲው፣ በጊዜው የተቀደደ! ሰላም ለአውራ ጣቱ፣ ሠራዊት ያልቻለውን ብቻዋን የቻለች! ስሙ ከአየር ጤና እስከ ዓለም ባንክ ይጠራ። የእትዬ ዋጋነሽ የለቅሶ ፎቶ ግን ይህ እስከተጻፈበት ቀን ድረስ አልተነሳም፤ ብሩኬ በጠየቁት ቁጥር ሌንሱን እየወለወለ፣ ብርሃኑ ገና አልተመቸኝም ይላል።