"ረጅሙ" የት ላይ ያልቃል?

አቶ ማርቆስ የበደለኝ የዛሬ አስራ ስምንት ዓመት ነው። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ፒያሳ በነበረችው ካሴት ቤቴ ውስጥ፣ ስድስት ደንበኞች ቆመው እየሰሙ።

ስድስት! ቆጥሬያቸዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ያንኑ በደል ሠላሳ ሰው ፊት ደገመው። ያውም አንድ ቃል ሳይተነፍስ! እንዴት አትሉኝም?

ለማታውቁኝ፣ የሺ ነኝ። ሱቄ ዛሬ የሞባይል ካርድና ቻርጀር መሸጫ ሆኗል። በዚያ ዘመን ግን ሀዋሳ ውስጥ የፈረንጅ ሮክ የፈለገ ሁሉ የሚመጣው እኔ ጋ ነበር። ሮክ ስላችሁ ጩኸቱን አይደለም። ፕሮግረሲቭ የሚባለውን ነው። ሻይ አዝዛችሁ፣ ጠጥታችሁ፣ ከአስተናጋጁ ጋር ተጨቃጭቃችሁ እስክትወጡ አንዱ ዘፈን የማያልቀውን።

የባንዶቹን ስም አልጠራም። ባለፈው አንዱን ብጠራ ኮሜንት ላይ ሦስት ቀን ተሰዳደባችሁ።

ከሁሉም የሚበልጠውን ዘፈን ግን የከተማው ሰው ያውቀዋል። ትክክለኛ ስሙ አፍ ስለሚያስር እኛ "ረጅሙ" እንለዋለን። አምስት እንግሊዞች ናቸው የሚጫወቱት። አስራ ስምንት ደቂቃ ይጓዛል። በመጨረሻ ኦርጋኑ ሽቅብ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ...

ቀጥ!

ዝም።

እኔን ታዋቂ ያደረገኝ ያ ዝምታ ነው።

ስንት ተከራክረንበታል መሰላችሁ! አንዱ "ሞትን ሊያሳዩ ፈልገው ነው" ይላል። ሌላው "ጥያቄ ነው፤ መልሱን ለአድማጩ ትተውለት ነው" ይላል። እኔ ደግሞ "ድፍረት ነው!" እላለሁ፤ ክርክሩም በዚያው ያበቃል። ባህል አዳራሽ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ የሚጫወቱ ልጆች "ረጅሙን" ሲያጠኑ ፊታቸው ቆሜ ያለማመድኳቸው እኔ ነኝ። "እዚህ ጋ ሁላችሁም እጃችሁን አንሱ! በአንዴ!"

አነሱ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ።

ማርቆስ በሥራ ቀን መሥሪያ ቤት ይውላል፤ እሁድ ቸርች ውስጥ ኦርጋን ይጫወታል። ያን ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ሱቅ እየመጣ ከባንኮኒው አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ይቀመጥ ነበር። ወዳጆች ነበርን። ከዚህ በላይ የጠየቀ ብሎክ ይደረጋል።

እና ያን ቅዳሜ "ረጅሙ" ተጫውቶ ሲያበቃ አንገቱን ነቀነቀ።

"የሺ፣ ይሄ ዘፈን አላለቀም።"

"እንዴት አላለቀም? ዝም አለ አይደል እንዴ!"

"ከቤቱ ወጥቶ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። እነዚህ ሰዎች ዘፈን ሜዳ ላይ ጥለው አይሄዱም። ካሴት ነው ያለቀብሽ።"

ለካሴት ሻጭ እንዲህ ይባላል? አሞራ ገደል ለተቀመጠች ዓሣ ሻጭ ገበያተኛ ፊት "ዓሣሽ ሸቷል" እንደማለት እኮ ነው!

"አንተ መዝሙርህን ተጫወት፤ ሮኩን ለእኛ ተወው!" አልኩት።

ስድስቱም ሳቁ። እሱ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ሰላም ብዬው አላውቅም። ፒያሳ ላይ ከሩቅ ካየሁት መንገድ እሻገራለሁ። እናቱ ሲሞቱ ለቅሶ ደርሻለሁ፤ ግን እሱ ከድንኳን የወጣበትን ሰዓት ጠብቄ ነው። ፌስቡክ ላይ ጓደኛ እንሁን ብሎ ጥያቄ ላከልኝ።

ብሎክ!

እንግዲህ ወደ ዛሬው ጉዴ እንምጣ። የሙዚቃ ግሩፓችንን የምትመራው ሰላማዊት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ በሳምንቱ መጀመሪያ ደወለችልኝ።

"እትዬ የሺ፣ ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ ካፌ ውስጥ ክርክር አለን። የድሮዎቹ ባንዶች ይበልጣሉ ወይስ የዛሬዎቹ ተተኪዎቻቸው? እርስዎ ለድሮዎቹ ይቆሙልናል።"

"ሌላ ማን ይመጣል?" ብዬ አልጠየቅኩም። ፀጉሬን ተሠርቼ ሄድኩ!

ለአዲሶቹ የቆመው ናትናኤል የሚባል ቀጭን ልጅ ነው። ከብርድ አገር የመጣ አንድ የዛሬ ባንድ አሰማን። ጊታሩ መጀመሪያ እንደ ሹክሹክታ ነው፤ ከዚያ ጣሪያው የተናደ መሰለኝ። አፍንጫዬን ነፍቼ ተቀመጥኩ። በሆዴ ግን... ለማንም አትንገሩ... ወደድኩት። ከበሮው አካሄዱ ግራ አጋባኝ፤ ይሄ ደግሞ እንዴት ነው የሚቆጠረው አልኩ። ጠረጴዛው ሥር በጣቴ ብቆጥር ብቆጥር አልገጥም አለኝ።

"በስንት ነው?" አልኩት፣ ቀስ ብዬ።

"በአስራ አንድ ነው እትዬ።"

ለካ ጣት አንሶኝ ነው!

ተራዬ ደረሰ። ተነሣሁ።

"የእናንተዎቹ ዘፈን መጨረስ አያውቁም! ድምፁን እየቀነሱ ሹልክ ይላሉ። የእኛዎቹ ግን ጫፍ ላይ ወጥተው ቆረጡት! ሰው በዝምታው ውስጥ ቆሞ ቀረ! ድፍረት ማለት ይሄ ነው!"

ጭብጨባ! ቤቱ ተናወጠ።

ያኔ ነው ያየሁት። ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር፣ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ። ሰላማዊት ኦርጋን የምትማረው ከማርቆስ ነው ለካ! አላጨበጨበም። አልሳቀም። አየኝ ብቻ።

"እትዬ፣ የትኛውን ዘፈን ነው የሚሉት?" አለች ሰላማዊት።

"'ረጅሙን' ነዋ!"

"እሱማ ላፕቶፔ ላይ አለ። እናሰማችሁ?"

"አሰሚያቸው!" አልኩ። አዎ፣ እኔው ነኝ ያልኩት።

ሠላሳ ሰው ዝም ብሎ ያዳምጣል። እኔ ቆሜያለሁ። ኦርጋኑ መውጣት ሲጀምር እንደ ሙዚቃ መሪ እጄን ወደ ላይ አነሣሁ። ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፉ ላይ ደረሰ።

"አሁን!" ብዬ እጄን አወረድኩ።

ኦርጋኑ ቀጠለ።

እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። ፀጉሬን የማስተካክል መሰልኩ።

ከዚያ መብራት ሄደ! ስፒከሩ ጸጥ!

"አያችሁ! ቆረጠው!" ብዬ ጮህኩ።

"እትዬ፣ መብራት ነው የሄደው" አለ ናትናኤል። "ላፕቶፑ ባትሪ አለው።"

ሳቁን ተዉት። ውጭ ባጃጅ ያቆሙት ሳይቀሩ የሳቁ መሰለኝ።

ሰላማዊት ስፒከሩን ነቀለችና ላፕቶፑን መሀል ላይ አስቀመጠችው። ድምፁ ትንሽ ስለሆነ ሁሉም አንገቱን አስግጎ ተጠጋ። እኔም ተጠጋሁ። ምን ላድርግ? አስራ ስምንት ዓመት ከዝምታው ወዲያ ምን እንዳለ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ከኀፍረቴ ይልቅ ጉጉቴ በለጠ።

አምስት ደቂቃ ነበረው።

ኦርጋኑ ከጫፉ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ጊታሩ ተወው፤ ከበሮው ተወው። ብቻውን ሲሆን መጀመሪያ ላይ የሰማናትን ያችን ትንሽ ዜማ አነሣት፤ ልክ ማልዶ የወጣ ሰው ሲመሽ የራሱን በር እንደሚያንኳኳ። ከዚያ አለቀ። በእውነት አለቀ።

ቀና ስል ማርቆስ ዓይኑን ጨፍኗል። ጣቶቹ ባርኔጣው ላይ ይጫወታሉ። ከዘፈኑ ትንሽ ቀደም ቀደም ይሉ ነበር። ሙሉውን ዘፈን ዱሮ አግኝቶታል ማለት ነው፤ እኔ እንደሆንኩ ዘግቼዋለሁ፣ ለማን ይንገረው?

"እትዬ፣ ታዲያ የት ላይ ነው የሚቆርጡት?" አለ ናትናኤል፣ ከልቡ ሊያውቅ ፈልጎ።

ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ሳልሰናበት።

አሁን እውነቱን ልናገር። ካሴቱን የቀዳሁበት ሸክላ የአንድ የውጭ አገር መምህር ነበር፤ አገሩ ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው አበደረኝ። በእኛ ሥራ ደግሞ ካሴት ላይ ባዶ ቦታ መተው ነውር ነው፤ ደንበኛ ባዶ ከሰማ ተጭበረበርኩ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ አስራ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ የሌላ ባንድ ዘፈን ቀዳሁ፤ ከሥሩ "ረጅሙን" አስከተልኩ። የካሴቱ አንድ ፊት የሚይዘው ሠላሳ ደቂቃ ነው። "ረጅሙ" ለካ ሃያ ሦስት ደቂቃ ኖሯል። ቀሪውን እናንተ ሥሩት!

ከዚያ ከካሴቷ ሌላ ቀዳሁ፤ ከዚያም ሌላ። ከተማው ሁሉ የሰማው የእኔን ነው።

የባሰው ግን ይሄ አይደለም።

የቀዳሁ ቀን መቅጃ ማሽኑ "ቀጭ" ብሎ ሲቆም ሰምቻለሁ። ዘወር ስል ሸክላው ገና ይዞራል። መዞሩን አይቻለሁ! ባንኮኒው ላይ ደንበኛ ነበረብኝና ፊቴን መለስኩ። በማግስቱ መምህሩ ሸክላውን ወስዶ ሄደ።

ማርቆስ "ካሴት ነው ያለቀብሽ" ሲለኝ አውቀው ነበር። ሐሰት ቢሆን ኖሮ በሳምንቱ እረሳው ነበር። እውነት ስለሆነ ነው አስራ ስምንት ዓመት የፈጀብኝ።

ከእኔ "ረጅሙን" የገዛችሁ ሁሉ አምስት ደቂቃ ይጎድላችኋል። ይቅርታ። ያቺን ዝምታ ሰምታችሁ ያለቀሳችሁም አላችሁ፤ እንባችሁን እንዴት እንደምመልስ ግን አላውቅም። ሆቴል የተጫወታችሁት ልጆች ደግሞ፣ አሁን ጎልማሶች ናችሁ፣ እባካችሁ አትደውሉልኝ።

ለመሆኑ እናንተ "ድፍረት ነው" እያላችሁ ያለፋችሁት ስንት "ቀጭ" አለ?

አስር ሰዓት ላይ የመጀመሪያዋን ካሴት ይዤ በባጃጅ ታቦር፣ ማርቆስ ቤት ወጣሁ። በሩን አንኳኳሁ። ራሱ ከፈተ።

"ካሴት ነው ያለቀብኝ" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። "ግቢ፤ ሻይ አለ።"

ገባሁ። አምስቱን ደቂቃ በቤቱ ኦርጋን ሁለት ጊዜ ተጫወተልኝ። ከዚያ ስለ አዲሶቹ ባንዶች ተጣላን፤ እሱ "ጩኸት ነው" አለ፣ እኔ ለአስራ አንዱ ምት ቆምኩ። ካሴቷን እሱ ጋ ተውኳት። ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ብሎኩን አነሣሁለት።