ገበሬው ማንያዘዋልና የሳሎኑ ዘንባባ

ጡረታ የወጣ ገበሬ የሌለበት ሕንፃ ገና ተሠርቶ አላለቀም። ሊፍቱ ቢሠራ፣ ደረጃው ቢታጠብ፣ የፖስታ ሣጥኑ ቢቆለፍ፣ ስለ ተክል ሳይጠየቅ የሚመልስ አንድ ሽማግሌ ከሌለበት ሰው ገባበት አይባልም። ገበሬ ደግሞ መሬቱ ይርቀዋል እንጂ ግብርናውን አይተውም።

ቦሰና በምትኖርበት የጊቫት ሃሞሬ ሕንፃ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር አቶ ማንያዘዋል ነበሩ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ከመጡ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ አሥራ አራቱን ዓመት ካሮት በከረጢት ሲያሽጉ ኖረዋል። ሥራዎ ምንድን ነው ሲባሉ ግን መልሳቸው አንድ ነው፦ «እኔ ገበሬ ነኝ።» ካሮቱን እንደ እንግድነት ነው የሚቆጥሩት።

ቦሰና በአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት የምትሠራ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ልጇ ያርደና ለትምህርት ወደ ቤርሼባ ስትሄድ ትንሽ ዘንባባ ከነማሰሮው ገዝታ ሳሎን አስቀመጠችላት፤ እኔ ለፋሲካ እስክመጣ ከእሱ ጋር ተጫወቺ ብላትም ሄደች። ተክል ሻጯ ሺርሊ ያዘዘችው ቀላል ነበር። ከፀሐይ ራቅ ማድረግ፣ አፈሩ ሁለት ጣት ያህል ሲደርቅ ማጠጣት፣ ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ፣ አለቀ። ቦሰና ከሥራ ስትገባ ከሁሉ አስቀድማ የምታየው ዘንባባውን ነው። ቢደርቅባት ልጇን ምን ብላ እንደምታናግራት አታውቅም።

አቶ ማንያዘዋል ሊጠይቋት ገብተው ዘንባባውን ያዩ ቀን እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ዞሩትና ተርቧል ብለው ፈረዱ። በማግስቱ ቂቡጽ ከሚባል የጋራ እርሻ መንደር የላም በረት ፍግ በጆንያ ሞልተው፣ በማዕከላዊው አውቶቡስ ጣቢያ አቋርጠው፣ አውቶቡስ ተሳፍረው መጡ። ተሳፋሪ ወታደሮች ሁሉ እየተነሡ ወደ ፊት ሄዱ። አቶ ማንያዘዋል ይህን ለቦሰና ሲያወሩ ፊታቸው በደስታ ያበራ ነበር። የዚህ አገር ወጣት ሽማግሌ አያከብርም የሚል ሰው ዋሾ ነው አሉ፤ ለእሳቸው ሦስት ረድፍ ወንበር ለቀውላቸዋል።

ቦሰና እምቢ ማለት አልቻለችም። ባሏ የሞተ ጊዜ የለቅሶውን ሰባት ቀን ሁሉ ከበሯ ሳይለዩ ለቀስተኛውን ተቀብለው የሸኙት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ፍግ ሽታ አይወቀስም፤ መስኮት ይከፈታል እንጂ።

በሐምሌ ደግሞ ፀሐይ ያላየ ተክል ጓዳ ያደገ ልጅ ነው ብለው በረንዳ አወጡት። በዚያ አገር ሐምሌ በጋ ነው፣ ፀሐዩም ምሕረት የለውም፤ በሦስት ቀን ቅጠሉ ተለበለበ። ይህን ጊዜ ጠምቶት ነው አሉና ጧትና ማታ ያጠጡት ጀመር። ሥሩ ሲሸት አየር አጥቶ ነው ብለው በቦሰና የወጥ ማንኪያ ኮተኮቱት። ቦሰና ከቅጠሉ ቆርጣ ሺርሊ ዘንድ ሄደች። ሺርሊ አገላብጣ አየችና ይህን ዘንባባ እንዲህ አብዝቶ የሚወደው ማን እንደሆነ ጠየቀቻት። ከሰውየው እጅ ካልወጣ ሁለት ወር አይቆይም አለቻት።

ሰማይ ራሱ ደረሰላት። አዲሱ ዓመት ሲገባ ሽሚታ ሆነ፤ በሰባት ዓመት አንዴ መሬት የምታርፍበት፣ የማይታረስበት፣ የማይዘራበት ዓመት ነው። ረቢው በምኩራብ ስለዚህ ሲያስተምሩ አቶ ማንያዘዋል ከፊት ተቀምጠው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። በማግስቱ በሩን ሲያንኳኩ ቦሰና ደፉ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ሽሚታ ነው። ዘንባባውም ይረፍ።»

አቶ ማንያዘዋል ከእግዜር ትእዛዝ ጋር መከራከር አላደጉበትም። «እሱስ እውነት ነው» አሉና ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ዘንባባው ባረፈ በሦስት ወሩ ነፍስ ዘራ። ለሐኑካ በዓል ሦስት አዲስ ቅጠል ዘረጋ፤ ቦሰናም ለያርደና ስልክ ደውላ እየቆጠረች ነገረቻት። አቶ ማንያዘዋል ግን ከሕንፃው ጠፉ። ጎረቤት ሁሉ ሰላም አገኘ፤ ስለ ሎሚው ዛፍ፣ ስለ ሣሩ፣ በየበረንዳው ስላለው ናና የሚሰጥ ምክር ቀረ።

አንድ ቀን ቦሰና ከሥራ ስትመለስ አውቶቡስ ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አየቻቸው። ወደ ጊቫት ሃሞሬ የሚወጣው አውቶቡስ ከፊታቸው መጥቶ ሄደ፤ አልተነሡም። አጠገባቸው ያለች አንዲት ተማሪ ለወሬ ያህል ሥራቸውን ጠየቀቻቸው። «ጡረተኛ ነኝ» አሉ።

ቦሰና ይህን ከኋላቸው ቆማ ሰማች። ቤቷ ገብታም መቀመጥ አቃታት። ረቢው በዚያ ትምህርት ላይ ቤት ውስጥ በማሰሮ ስለተተከለም ተናግረው ነበርና፤ ሳሎን ያለ ተክል ቢንከባከቡት አይከለከልም ብለዋል። አቶ ማንያዘዋል ያን ጊዜ ራሳቸውን የነቀነቁት እንቅልፍ ወስዷቸው ነው። እሷ ነቅታ ሰምታ ዋጥ አድርጋዋለች። ያርደና ስትመጣ ዘንባባው ቢጎዳ እውነቱን እነግራታለሁ ብላ ቆረጠችና ወጥታ በራቸውን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ የቤት ማሰሮ ተፈቅዷል ብለዋል ረቢው። ያኔ ሰምቼ ነው ያልነገርኩዎ፤ ይቅር ይበሉኝ። ደግሞ አንዲት ቅጠል አላማረችኝም፣ ቢያዩልኝ።»

ያላማረች ቅጠል አልነበረችም። አቶ ማንያዘዋል ግን መነጽራቸውን አድርገው ሦስት ጊዜ ዞሩትና አገኟት። ጎንበስ ብለው አፈሩን ነኩ፣ አሸተቱ፣ ወደ ቦሰና ዞረው በቁጣ አዩዋት።

«ይህን ፍጥረት እንዲህ ያስራበው ማነው? እኔ ጥቂት ወር ዞር ብል! በይ ውሃ አምጪ።»

ቦሰና ናፍቀዋት ነበር፤ እንደናፈቋትም ነገረቻቸው። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ውሃውን አመጣችላቸው፣ ካላት ብርጭቆ ሁሉ በትንሿ።